ክር ከክር እንዳይቀላቀል፤ የመለያ ዘዴዎች ታሪክ በፈትል ፋብሪካዎች

በጥጥ ጨርቃ ጨርቅ ሥራ ከሚያጋጥሙት ጉድለቶች ሁሉ እንደ ክር መቀላቀል አሳሳች የለም። ክሩ ሲፈተል ነጭ ነው፤ ሲጠቀለል ነጭ ነው፤ ተሸምኖ ሲወጣም ያው ነጭ ነው። ጨርቁ ማቅለሚያ ክፍል ገብቶ በሰማያዊ ወይም በቡናማ ቀለም ተነክሮ ሲወጣ ግን፣ ማንም ያላዘዘው ደማቅና ፈዛዛ መስመር ከዳር እስከ ዳር ተጋድሞ ይታያል። በዚያን ጊዜ ጥጡ ተገዝቷል፣ ክሩ ተፈትሏል፣ የሸማኔው ደመወዝ ተከፍሏል፤ የሚመለስ ነገር የለም። ጥፋቱ የተፈጸመው ከሳምንታት በፊት፣ አንድ ሰው አንዲት ቦቢን ከማትገባበት ሣጥን ውስጥ በጣለበት ቅጽበት ነው።

ይህን ቅጽበታዊ ስሕተት ለመከላከል የፈትል ሠራተኞችና መሐንዲሶች ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ደክመዋል። የድካሙ ታሪክ የመሣሪያ ታሪክ ብቻ አይደለም። በፈታይና በሸማኔ፣ በሠራተኛና በአሠሪ፣ በሻጭና በገዢ መካከል መተማመን እንዴት እንደ ተገነባ፣ አንዳንዴም እንዴት እንደ ፈረሰ የሚያሳይ ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በእንዝርት ዘመን

በመሠረቱ የክር መለየት ችግር ከመኪና ጋር የመጣ ችግር ነው። በእጅ ፈትል ጊዜ ክርና ባለቤቱ አይለያዩም ነበር። ኢትዮጵያዊቷ ፈታይ ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን አመልማሎ አድርጋ በእንዝርት ስትፈትል፣ ለድር የሚሆነውን ጠበቅ አድርጋ ታከርረዋለች፤ ለማግ የሚሆነውን ለስለስ አድርጋ ትተወዋለች። ልቃቂቱንም ለየብቻ ታስቀምጣለች። ሸማኔው ክሩን የሚቀበለው ከአንድ ቤት፣ ብዙውን ጊዜም ከአንድ እጅ ነው። ምልክቱ የፈታይዋ እጅ ራሱ ስለ ነበረ፣ ሌላ ምልክት አላስፈለገም።

ሁኔታው የተለወጠው አንድ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ በመቶ የሚቆጠሩ ክሮችን ማውጣት በቻለ ጊዜ ነው። ሪቻርድ አርክራይት በውሃ ኃይል የሚሠራውን መፍተያ በ1769 አስመዝግቦ በ1771 በክሮምፎርድ ፋብሪካ አቆመ። ሳሙኤል ክሮምፕተንም በ1779 ገደማ «ሚዩል» የተባለውን፣ የቀደሙትን የሁለት መኪናዎች ጠባይ ያዳቀለ መፍተያ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ክሩ ከማን እጅ እንደ ወጣ የሚያውቅ ሸማኔ አልነበረም። ስለዚህ እጅ ይናገረው የነበረውን የሚናገር ሌላ ነገር ማግኘት ግድ ሆነ። የተገኘውም ቁጥር ነበር።

ቁጥር የክር ስም ሲሆን

የእንግሊዝ የጥጥ ክር ቁጥር አሠራሩ ቀላል ነው። 840 ያርድ፣ ማለትም 768 ሜትር ያህል፣ አንድ «ሃንክ» ይባላል። በአንድ ፓውንድ ክብደት ውስጥ ስንት ሃንክ እንዳለ ሲቆጠር፣ ያ የክሩ ቁጥር ይሆናል። ስለሆነም ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ክሩ ይቀጥናል። በቁጥር 40 ክር አንድ ፓውንድ ጥጥ 33,600 ያርድ ይዘረጋል፤ በቁጥር 80 ደግሞ 67,200 ያርድ፣ ከ61 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል።

የቁጥሩ ልዩነት ምን ያህል የገንዘብ ልዩነት እንደ ነበረ ክሮምፕተን ራሱ ከተናገረው ይታወቃል። በመጀመሪያ ለቁጥር 40 ክር ማዘጋጃና መፍተያ በፓውንድ 14 ሽልንግ፣ ጥቂት ቆይቶ ለቁጥር 60 ክር 25 ሽልንግ፣ ለቁጥር 80 ደግሞ 42 ሽልንግ ይከፈለው ነበር። በሌላ አነጋገር፣ በዓይን ለመለየት የሚያስቸግሩ ሁለት ነጫጭ ክሮች በዋጋ ሦስት እጥፍ ሊራራቁ ይችሉ ነበር። ክሩን ቀላቅሎ መሸጥ ሸቀጥ ከማበላሸት አልፎ በሚዛን እንደ ማጭበርበር የሚቆጠር ሆነ።

ለዚህም ማረጋገጫ የሚሆን ቀላል ዘዴ ተገኘ። በአንዲት የመለኪያ መዘውር ላይ 120 ያርድ፣ የሃንክ አንድ ሰባተኛ፣ ክር ይጠቀለልና ይመዘናል። ክብደቱ በ«ግሬን» ከታወቀ በኋላ 1,000 ለዚያ ክብደት ሲካፈል የክሩ ቁጥር ይገኛል፤ ምክንያቱም አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው። ስሌቱ እንዲህ ያጠረ ስለሆነ፣ መዘውርና ትንሽ ሚዛን ያለው የክፍል ኃላፊ በየቀኑ ከየመኪናው ናሙና ወስዶ መፈተሽ ይችል ነበር።

ከተማ እንደ መለያ

በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት ላንካሻየር የዓለም የጥጥ ማዕከል ስትሆን፣ የክር ዓይነቶችን የመለየቱ ሥራ በከፊል በከተሞች ክፍፍል ተፈጸመ። ኦልድሃምና አካባቢዋ በአሜሪካ ጥጥ ወፍራምና መካከለኛ ቁጥር ይፈትሉ ነበር፤ ቦልተን ደግሞ ረጅም ጭረት ባለው የግብፅ ጥጥ ቀጭን ቁጥር ትፈትል ነበር። ሽመናው በአብዛኛው በሰሜን፣ በብላክበርንና በበርንሌይ ነበር። አንድ ፋብሪካ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ ከፈተለ የመቀላቀል አጋጣሚው ያንሳል፤ ነገር ግን ክሩ ከከተማ ወደ ከተማ ስለሚጓዝ፣ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነተኛ መሆኑን ሸማኔው በእምነት ብቻ መቀበል ነበረበት።

ያ ቁጥር የሠራተኛውንም እንጀራ ይወስን ነበር። የፈታዮች ደመወዝ በድርድር በተወሰኑ ዝርዝሮች ይሰላ ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ የ1876ቱ የኦልድሃም ዝርዝር ነው። ክር ጠቅላዮቹም በክብደት ስለሚከፈላቸው፣ ቁጥር 30 ተብሎ የተሰጣቸው ክር በእርግጥ ቁጥር 36 ከሆነ፣ በአንድ ፓውንድ ላይ 5,040 ያርድ ትርፍ ክር ያለ ክፍያ ይጠቀልላሉ ማለት ነው። የተሳሳተች ምልክት ከደመወዝ ላይ የምትቀንስ ሌባ ነበረች።

የብሪታንያ የ1891 የፋብሪካ ሕግ ይህን ተገንዝቦ፣ በቁርጥ ለሚሠሩ ሸማኔዎችና የጥጥ ክር ጠቅላዮች ደመወዛቸውን ራሳቸው ማስላት የሚያስችል ዝርዝር መግለጫ ከሥራው ጋር በጽሑፍ እንዲሰጣቸው አዘዘ። የ1895ቱም ሕግ ድንጋጌውን አስፋፋው። ሕጉ በሥራ ላይ መዋሉን እንዲቆጣጠር በ1892 የተሾመው ቶማስ በርትዊስል ቀድሞ የሸማኔዎች ማኅበር ጸሐፊ የነበረ ሰው ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ለ20 ሳምንታት ያህል የዘለቀው የፈትል ፋብሪካዎች መዘጋት በመጋቢት 1893 በብሩክላንድስ ስምምነት ሲያበቃ፣ በመጥፎ ጥጥ ምክንያት ስለሚደርስ «የከፋ ፈትል» የሚነሣ አቤቱታ የሚታይበት ሥርዓት ተዘረጋ። ስለ ጥጥ ቅልቅል የሚደረግ ክርክር በባለሙያዎች መካከል ብቻ የሚቆይ መሆኑ ቀርቶ የሠራተኛ መብት ጉዳይ ሆነ።

የቀለበት መፍተያና የቦቢኖች ብዛት

ጆን ቶርፕ የተባለው አሜሪካዊ በ1828 ያስመዘገበው የቀለበት መፍተያ፣ በፋብሪካ ቋንቋ «ሪንግ ፍሬም»፣ ቀስ በቀስ ሚዩልን ተካ። ሥራው ያለማቋረጥ ስለሚካሄድ ምርቱ ከፍ ያለ ነው፤ የመቀላቀል አደጋውም እንዲሁ ጨመረ። በአንድ መኪና ላይ በመቶ የሚቆጠሩ እንዝርቶች አሉ፤ በእያንዳንዱ እንዝርት ላይ አንድ ቦቢን አለ፤ ቦቢኖቹ ሲሞሉ በአንድ ጊዜ ይነቀሉና ባዶዎቹ ይተካሉ። ይህን የሚያደርጉት በላንካሻየር ለረጅም ጊዜ ሕፃናት ነበሩ። ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት፣ ግማሽ ቀን ፋብሪካ የሚውሉት እነዚህ ልጆች ከ1901 ሕግ ወዲህ እንኳ የ12 ዓመት ልጆች ነበሩ፤ ሥርዓቱን ያስቀረው የ1918 የትምህርት ሕግ ነው። ለማንበብ ጊዜ የሌለው፣ እየሮጠ የሚሠራ እጅ ሊስተው የማይችል ምልክት ያስፈልግ ነበር። ያ ምልክት ቀለም ሆነ።

አሠራሩ ዛሬም በብዙ ፋብሪካዎች ያለ ነው። ለእያንዳንዱ ምድብ፣ ማለትም ከአንድ የጥጥ ቅልቅል በአንድ ቁጥርና በአንድ የክርረት መጠን ለሚፈተል ክር፣ የራሱ የቦቢን ቀለም ይሰጠዋል። የሮቪንግ ቦቢኑ፣ የፈትል ቦቢኑና የመጨረሻው የወረቀት ኮን ጫፍ ሁሉም የምድቡን ቀለም ይይዛሉ። በክፍሉ መግቢያ ላይ የትኛው ቀለም የትኛው ክር እንደ ሆነ የሚያሳይ ሰሌዳ ይሰቀላል። ምድብ ሲለወጥ ከመኪናው ላይ ያለው ሮቪንግ ጨርሶ ይነሣል፤ ብናኙ ይጠረጋል፤ የማሳሳቢያና የክርረት ጥርስ ጎማዎች፣ ክሩን የሚያዞረው ትንሽ ቀለበትም እንደ ቁጥሩ ይለወጣሉ። ይህ ሁሉ ሳይፈጸም አዲስ ምድብ አይጀመርም።

ሕጉ ጥብቅ የሆነበት ምክንያት አለው። አንድ ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን አንድ የሮቪንግ ቦቢን በስሕተት ከተሰቀለ አሥርና ከዚያ በላይ የፈትል ቦቢኖችን ያበላሻል። ሁለት ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነው ኮን ከብዙ ቦቢኖች ተቀጣጥሎ ስለሚጠቀለል፣ የተሳሳተችው ቦቢን በሌሎች ክር ሥር ተደብቃ ትቀራለች። የተበላሸው ክር በአንድ ኮን አይሰበሰብም፤ በብዙ ኮኖች ተበታትኖ ወደ ብዙ ጨርቆች ይገባል።

ቁጥሩ አንድ፣ ጠባዩ ልዩ

ከሁሉ የሚከፋው ግን ቁጥራቸው የተለያየ ክሮች መቀላቀል አይደለም። ልምድ ያለው እጅ ወፍራሙን ከቀጭኑ ይለያል፤ ሚዛንም ይመሰክራል። አስቸጋሪው ቁጥራቸው አንድ ሆኖ ጥጣቸው የተለያየ ሲሆን ነው። ያልበሰለ ጥጥ ጭረቱ ስስ ስለሆነ ከበሰለው ፈዘዝ ያለ ቀለም ይይዛል። እንዲህ ያሉ ሁለት ክሮች በመኪና ላይ፣ በሚዛን ላይ፣ በእጅም አንድ ናቸው፤ በማቅለሚያ ገንዳ ብቻ ይለያያሉ።

ስለዚህ ጥንቃቄው ከመፍተያው ወደ ኋላ፣ ወደ ጥጥ መጋዘን ተመለሰ። ከብዙ እስር ጥቂት ጥቂት እየተወሰደ፣ የዛሬው ቅልቅል ከትናንቱ እንዳይርቅ ተደርጎ ይደረደራል። የሰው ሠራሽ ጭረቶች ከጥጥና ከሱፍ ጋር መዳበል ሲጀምሩ ደግሞ ሌላ ዘዴ ተስፋፋ፤ በሚታጠብ ቀለም ጭረቱን አስቀድሞ መንከር። አንዱ ምድብ ቀላ፣ ሌላው አረንጓዴ መሰል እየሆነ ሲጓዝ የተቀላቀለ ነገር ቢኖር ወዲያው ይታያል፤ ቀለሙም በመጨረሻ በውሃ ይለቃል። በማሸጊያ ክፍልም ኮኖችን በጨለማ ሥፍራ ከአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ማየት የተለመደ ነው፤ ባዕድ የሆነው ኮን ከጓደኞቹ የተለየ ነጸብራቅ ያሳያል።

ከዓይን ወደ መሣሪያ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመለኪያ መሣሪያዎች በረከቱ። በ1948 የወጣው የስዊዘርላንዱ ኡስተር መሣሪያ የክርን አለመስተካከል በኤሌክትሪክ መለካት አስቻለ። የቁጥሩም ቋንቋ አንድ እንዲሆን ተሞከረ። «30» የሚለው ጽሑፍ በእንግሊዝ የጥጥ ቁጥር በ1,000 ሜትር 19.7 ግራም፣ በሜትሪክ ቁጥር ደግሞ 33.3 ግራም ማለት ነበርና፣ ሣጥኑ ድንበር ሲሻገር ምልክቱ ራሱ ያሳስት ነበር። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ያጸደቀው «ቴክስ» የተባለው መለኪያ፣ ማለትም የ1,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም፣ ይህን ለማስቀረት የታሰበ ነው። ሆኖም አሮጌው ቁጥር በብዙ የጥጥ ፋብሪካዎች እስከ ዛሬ አልጠፋም። ሠራተኛ የለመደውን ስም በቀላሉ አይጥልም።

በኋላም መፍተያውና መጠቅለያው በቀጥታ እየተገናኙ፣ ቦቢኑ ከእንዝርት ወደ መጠቅለያ በራሱ የሚሄድበት ሥርዓት ተፈጠረ። ሣጥንና ጋሪ በሌሉበት ቦታ በሣጥንና በጋሪ የሚደርስ ስሕተትም የለም። ይሁን እንጂ ሮቪንጉ የተሳሳተ ከሆነ መኪናው ስሕተቱን በታላቅ ፍጥነትና በትክክል ያባዛዋል።

በኢትዮጵያ ይህ ታሪክ ባዕድ አይደለም። በጣሊያን የጦር ካሣ በ1961 የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ የፈትል ፋብሪካዎች ሁሉ፣ በእንዝርትና በቀለም፣ በቁጥርና በሰሌዳ ሥርዓት የሚሠራ ነው። ከፋብሪካ ውጭም ዛሬ ብዙ ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ከእጅ ፈትል ያደርጋል። በአንድ ጋቢ ላይ ሁለቱ ዘመናት ይገናኛሉ፤ አንዱ ክር በቁጥር፣ ሌላው በፈታይዋ እጅ የሚታወቅ።

ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ የተከማቹት ዘዴዎች ሁሉ፣ መዘውሩም፣ ቀለሙም፣ ሕጉም፣ መብራቱም፣ አንድን ነገር ለመተካት የተሠሩ ናቸው፤ ይኸውም በእንዝርት ዘመን ፈታይዋ ስለ ክሯ የነበራትን ዕውቀት ነው። ሙሉ በሙሉ የተካው ግን እስካሁን የለም። ባዶውን ቦቢን አንሥቶ ከመስቀሉ በፊት ቀለሙን ለአንዲት ሰከንድ የሚመለከት ሠራተኛ ባለበት ፋብሪካ ጨርቁ አንድ ወጥ ሆኖ ከማቅለሚያው ይወጣል፤ እርሱ በሌለበት ግን ሰሌዳው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።