የኔትዎርክ ካርድ ስምና ትእዛዝ፦ በዩኒክስ የትእዛዝ መስመር የድራይቨር ማዋቀሪያ ቋንቋ ታሪክ

ዩኒክስ በ1969 በቤል ላቦራቶሪ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ ሲጀመር ኔትዎርክ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰውና ማሽኑ የሚነጋገሩት በቴሌታይፕ ነበር፤ ቁልፉ ለጣት የሚከብድ፣ ማተሚያውም የሚያዘግም መሣሪያ። የትእዛዞቹ ማጠር ከዚህ የመጣ ነው። ለመቅዳት «ሲፒ»፣ ለማዛወር «ኤምቪ»፣ ለማጥፋት «አርኤም» ተባለ፤ ከእንግሊዝኛው ቃል አናባቢው ወድቆ ተነባቢው ቀረ። የሴማዊ ቋንቋ አጥኚ ይህን ሲያይ የግስ ሥር ያየ ይመስለው ይሆናል። ተመሳሳይነቱ ግን ላይ ላዩን ብቻ ነው፤ እዚህ አናባቢው የወደቀው ለጣት እረፍት ሲባል እንጂ በሰዋስው ሕግ አይደለም። ቢሆንም ልማዱ ጸና፤ ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ የኔትዎርክ ካርድን የሚያዝ ቃል ሲያስፈልግ፣ የተፈጠረው ቃል በዚያው የማሳጠር መንገድ ሄደ።

ያ ቃል «ኢፍኮንፊግ» ነው። «ኢፍ» ኢንተርፌስን፣ «ኮንፊግ» ማዋቀርን ይወክላል። ቃሉ የወጣው በ1983 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሊ ከተሠራው 4.2 ቢኤስዲ ጋር ነው። ሥራውን በገንዘብ የደገፈው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት ዳርፓ ሲሆን፣ የዚሁ ድርጅት ኔትዎርክ አርፓኔትም በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 1 ቀን ወደ ቲሲፒ/አይፒ ተዛውሮ ነበር። የበርክሊ ሰዎች በዚህ ጊዜ አንድ ውሳኔ ወሰኑ፤ ውጤቱ እስከ ዛሬ ይታያል። በዩኒክስ ልማድ ዲስኩም፣ ቴሌታይፑም፣ ማተሚያውም «ዴቭ» በሚባለው ማውጫ ሥር የፋይል መልክ አለው። የኔትዎርክ ካርድ ግን ፋይል አልተሰጠውም። የተሰጠው ስም ብቻ ነው፤ ያንንም ስም ከርነሉ ራሱ ያውቀዋል እንጂ በማውጫ ውስጥ ተዘርዝሮ አይገኝም። ለዲስክ የማውጫ ዱካ አለው፤ ለካርዱ ግን ከስሙ ሌላ መያዣ የለውም። ስሙ የጠፋበት ወይም የተቀየረበት ሰው ካርዱን ራሱን እንዳጣ ይቆጠራል።

ስሞቹን ያወጡት የድራይቨር ጸሐፊዎች ናቸው። ድራይቨር በከርነሉና በካርዱ መካከል ቆሞ የአንዱን ቋንቋ ለሌላው የሚያቀብል ፕሮግራም ነው። (አማርኛ ለመኪናው ሰው ከፈረንሳይኛ «ሾፌር»ን፣ ለፕሮግራሙ ደግሞ ከእንግሊዝኛ «ድራይቨር»ን ወስዶ ሁለቱን ለይቷል፤ እንግሊዝኛው ራሱ ይህ መለያየት የለውም።) በበርክሊ ሥርዓት የኢንተርፌሱ ስም የድራይቨሩ ስምና ተራ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም ከዜሮ ይነሣል። የሰን ኩባንያ ማሽኖች ላይ «ኤልኢ0» የሚባለው ላንስ ከተባለው የኤኤምዲ ቺፕ ስሙን አገኘ። እርሱን የተከተለው ፈጣኑ ካርድ «ኤችኤምኢ0» ተባለ፤ ትርጉሙ «ሃፒ ሚል ኢተርኔት» ነው። መሐንዲሶች ለቺፑ በጓዳ ያወጡለት የቀልድ ስም በባንክና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰርቨሮች ላይ በየቀኑ የሚጻፍ ቃል ሆነ። በፍሪቢኤስዲ ደግሞ የ3ኮም ካርድ «ኤክስኤል0»፣ የኢንቴል «ኤፍኤክስፒ0»፣ የሪልቴክ «አርኤል0» ይባላል። ስሙን ያወቀ ሰው የመመሪያ ገጹንም አወቀ፤ ገጹ የሚከፈተው በዚያው ስም ነውና። ስም እዚህ የዘር ሐረግ ይናገራል፤ ካርዱ የማን ልጅ እንደሆነ ከፊቱ ይነበባል።

ሊኑክስ በ1991 ተነሥቶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኔትዎርክ ሲጨመርለት ሌላ መንገድ መረጠ። አምራቹ ማንም ይሁን፣ ድራይቨሩ የማንም ይሁን፣ የኢተርኔት ካርድ ሁሉ «ኢቲኤች» ሆነ፤ የመጀመሪያው «ኢቲኤች0»፣ ሁለተኛው «ኢቲኤች1»። በናሳ ጎዳርድ ማዕከል የሠራው ዶናልድ ቤከር በ1990ዎቹ ብዙዎቹን የሊኑክስ ኢተርኔት ድራይቨሮች ሲጽፍ ሁሉም በዚህ አንድ የወል ስም ሥር ገቡ። በቋንቋ አጥኚ አነጋገር በርክሊ የዝርያ ስም ሲጠቀም ሊኑክስ የክፍል ስም ተጠቀመ። ለተጠቃሚ የቀለለው የሊኑክሱ ነው፤ የኋላው ጣጣም የመጣው ከእርሱው ነው።

የትእዛዞቹን አገባብ ማነጻጸርም የሚጠቅም ነገር አለው። የተለመደው የኢፍኮንፊግ አነጋገር «ኢፍኮንፊግ ኢቲኤች0 192.168.1.2 ኔትማስክ 255.255.255.0 አፕ» የሚል ነው። ስም ይቀድማል፣ ባሕርያቱ ይከተላሉ፣ መጨረሻ ላይ «ተነሣ» የሚል የሁኔታ ቃል ይዘጋዋል። ከማሰሪያ አንቀጽ ጋር ለኖረ የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ይህ ቅደም ተከተል አይጎረብጥም። የአይቢኤሙ ኤአይኤክስ ግን ግሱን ከስሙ ጋር አጣበቀ፤ «ኤምኬ» ለመፍጠር፣ «ሲኤች» ለመቀየር፣ «ኤልኤስ» ለመዘርዘር፣ «አርኤም» ለማጥፋት ሆነው «ዴቭ» የሚለውን ስም በፊቱ ይለጠፉበታል። «ሲኤችዴቭ» የመሣሪያን ባሕርይ ይቀይራል፤ «ዴቭ» በ«ዩዘር» ሲተካ ተጠቃሚን ይቀይራል። ሰዋስው ያለው፣ ከተማሩት ያልተማሩትን ለመገመት የሚያስችል ሥርዓት ነው፤ ከዩኒክሶች ሁሉ በሥነ ምዕላድ የተስተካከለው እርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁንና እዚያው ኤአይኤክስ ላይ ለአንድ ካርድ ሦስት ስም አለ፤ «ኢኤንቲ0» ቁሱ፣ «ኢኤን0» እና «ኢቲ0» ደግሞ በቁሱ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ዓይነት ኢንተርፌሶች። ጀማሪው የሚሳሳተው በግሱ ሳይሆን በስሙ ነው። በሊኑክስ በኩል በ1990ዎቹ መጨረሻ አሌክሴይ ኩዝኔትሶቭ የጻፈው «አይፒ» የሚባለው ትእዛዝ መጣ፤ «አይፒ ሊንክ ሴት ዴቭ ኢቲኤች0 አፕ»። እዚህ በመጀመሪያ የነገሩ ዓይነት፣ ቀጥሎ ግሱ፣ ከዚያ ስሙ ይነገራል። ዴቢያን በ2017 ባወጣው ዘጠነኛው እትሙ ኢፍኮንፊግን በመደበኛው ተከላ መስጠት አቆመ፤ የለመዱት ጣቶች ግን ዛሬም ቃሉን ይጽፋሉ።

ከአድራሻው ይልቅ የድራይቨሩ ራሱ ባሕርይ በትእዛዝ ሲቀየር ቋንቋው ይከብዳል። በ1995 የወጣው 802.3ዩ የተባለው ደንብ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ኢተርኔት ሲያጸድቅ፣ ካርዱና ማዞሪያው ስለ ፍጥነታቸው ራሳቸው እንዲስማሙ የሚያደርግ ድርድርም ደነገገ። ድርድሩ ሁለት ነገር ይወስናል፤ ፍጥነትን፣ እንዲሁም ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጊዜ መናገር መቻል አለመቻላቸውን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአምራቾቹ አሠራር ስላልተጣጣመ፣ አስተዳዳሪዎች ድርድሩን ዘግተው በእጃቸው መወሰን ለመዱ። ችግሩ አንዱ ወገን ብቻ ሲዘጋ ነው። ድርድሩን ያልዘጋው ወገን ከባላጋራው መልስ ሲያጣ ፍጥነቱን ከምልክቱ ለይቶ ያውቃል፤ በአንድ ጊዜ መናገር ይቻል እንደሆነ ግን የሚያውቅበት ስለሌለው ተራ እየጠበቁ ወደ መናገር ይወርዳል። ያኛው ያለ ተራ ይናገራል፣ ይህኛው ተራ ይጠብቃል። መስመሩ አልተቋረጠም፤ «ፒንግ» ይመልሳል፣ አጭር መልእክት ያልፋል። ትልቅ ፋይል ሲላክ ብቻ ነገሩ ይንቀረፈፋል፤ በአንዱ በኩል የዘገየ ግጭት፣ በሌላው በኩል የተበላሸ ጥቅል ይቆጠራል። ያልሞተ መስመር በመሆኑ ጥፋቱን ፈልጎ ማግኘት ከሞተው ይልቅ ያስቸግራል።

መፍትሔው በየሥርዓቱ በሌላ ቃል ይነገራል። ፍሪቢኤስዲ በኢፍኮንፊጉ ላይ «ሚዲያ» የሚል ቃል ጨምሮ ጉዳዩን እዚያው ጨረሰ። ሶላሪስ «ኤንዲዲ» የሚባል ለብቻው የቆመ ትእዛዝ ነበረው፤ የሚያዛቸው ባሕርያት ስም እንደ «ኤዲቪ ኦቶኔግ ካፕ» ያለ ነው፤ ማሳወቅ፣ በራስ መደራደር፣ ችሎታ የሚሉ ሦስት ቃላት ተቆርጠው የተሰፉበት። በኤንዲዲ የተነገረው ነገር ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይረሳል፤ እንዲዘልቅ የፈለገ አስተዳዳሪ በመነሻ ፋይሎቹ ውስጥ ደግሞ ይጽፈው ነበር። ለሊኑክስ ዴቪድ ሚለር «ኢትቱል»ን ጻፈ፤ ፍጥነቱ፣ ዱፕሌክሱ፣ ድርድሩ በአንድ መስመር ላይ በግልጽ ቃል ይዘረዘራሉ። በ1999 የጸደቀው የመዳብ ጊጋቢት ኢተርኔት ድርድሩን ግዴታ ስላደረገው፣ ይህ ሁሉ ትእዛዝ በአብዛኛው የሚነገርበት ምክንያት አጣ።

እዚህ ላይ የአማርኛ ተናጋሪ ባለሙያዎች አነጋገር አንድ ቁም ነገር ይጨምራል። አማርኛ የባዕድ ቃልን በግስነት የሚቀበለው በረዳት ግስ ነው፤ «ኮንፊገር አደረገ»፣ «ዳውን ሆነ» ይላል። በየባንኩ ወረፋ የሚሰማው «ሲስተም ዳውን ሆኗል» የዚሁ ወገን ነው። «ኢንተርፌሱን ዳውን አደረገው» እና «ኢንተርፌሱ ዳውን ሆነ» ግን አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው አድራጊ አለ፤ በሁለተኛው የለም፣ ገመዱ ተነቅሎ ወይም ማዶ ያለው ማዞሪያ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ከርነሉም ይህን ልዩነት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ በ4.2 ቢኤስዲ ውስጥ የካርዱን ሁኔታ የሚይዙት ምልክቶች «አፕ» እና «ራኒንግ» ተብለው ተለያይተዋል። «አፕ» የአስተዳዳሪው ፈቃድ ነው፤ «ራኒንግ» የድራይቨሩ ምስክርነት። እንግሊዝኛው ሁለቱንም «ዳውን» በሚል አንድ ቃል ሲጠራቸው የሚፈጠረውን መደናገር የአማርኛው «አደረገ» እና «ሆነ» ያለ ምንም ጥረት ይለየዋል። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም፤ ከሩቅ ከተማ ሆኖ በኤስኤስኤች የገባ ሰው የሚነጋገርበትን ካርድ «ዳውን» ካደረገ የራሱን መንገድ ይቆርጣል፤ «አፕ» የሚለውን ቃል የሚልክበት መስመር አይኖረውም።

የሊኑክስ የወል ስም ጣጣ የታየው ሰርቨሮች ብዙ ካርድ መያዝ ሲጀምሩ ነው። ቁጥሩ የሚሰጠው ካርዶቹ በተገኙበት ቅደም ተከተል ነበር፤ ቅደም ተከተሉ ግን ከአንዱ መነሻ ወደ ሌላው ሊለወጥ ይችላል። ትናንት ወደ ውጭ የሚያይ የነበረው «ኢቲኤች0» ዛሬ ወደ ውስጥ ቢያይ፣ በስሙ ላይ የተጻፈው የእሳት ግድግዳ ደንብ የተሳሳተውን በር ይጠብቃል። ስሙን ከካርዱ ቋሚ አድራሻ ጋር በፋይል ማሰር ለጊዜው መላ ሆነ፤ ካርዱ ተበላሽቶ በሌላ ሲተካ ግን አዲሱ «ኢቲኤች1» ሆኖ ብቅ ይላል፤ የሙት ስም ለሕያው አይሰጥምና። ፌዶራ በ2011፣ ቀጥሎም ሲስተምዲ በ2013 መጀመሪያ ባወጣው 197ኛ እትሙ፣ ስሙ ካርዱ ከተሰካበት ቦታ እንዲመነጭ አደረጉ። «ኢኤንፒ3ኤስ0» ሲተነተን «ኢኤን» ኢተርኔት፣ «ፒ3» ሦስተኛው ባስ፣ «ኤስ0» ዜሮኛው ማስገቢያ ነው። ምዕላድ በምዕላድ ላይ እየተለጠፈ የሚሄድ፣ እያንዳንዱም አንድ ትርጉም የሚይዝ ስም ነው። ወጥነት ያለው ቢሆንም በአፍ ለመጥራት አይመችም፤ ሌላ ካርድ ሲጨመር የባሱ ቁጥር ከተለወጠም አብሮ ይለወጣል። ሶላሪስ 11 በ2011 በተቃራኒው ሄዶ የድራይቨሩን ስም ጥሎ «ኔት0» አለ።

የስሙን ርዝመት የሚወስነው ደግሞ የቆየ ልክ ነው። በከርነሉ ውስጥ ለኢንተርፌስ ስም የተመደበው 16 ባይት ነው፤ አንዱ ለማብቂያ ምልክት ስለሚውል 15 ይቀራል። ሲስተምዲ ከቋሚ አድራሻ የሚሠራው ስም «ኢኤንኤክስ» እና ዐሥራ ሁለት የአድራሻ ቁምፊዎች ሆኖ ልክ 15ን ይሞላል፤ አንድ ፊደል እንኳ አይተርፍም። የግእዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ የተመደበለት ስፍራ በዩቲኤፍ-8 ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ያስከፍላል። በፊደል የተጻፈ ስም እንግዲህ ከአምስት ፊደል አይበልጥም። «ኔትዎርክ» የሚለው ቃል ልክ አምስት ፊደል ስለሆነ ይገባል፤ ቁጥር ግን አይጨመርበትም። «መረብ» በሰፊው ይገባል፤ ከኋላው «0» አስከትሎም ቦታ ይተርፈዋል።

ከርዝመቱ የባሰ ሌላ ወጥመድ አለ። የሊኑክስ ከርነል በኢንተርፌስ ስም ውስጥ ባዶ ቦታ አይፈቅድም፤ ባዶ ቦታ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች ከተሠራ የቁምፊ ሰንጠረዥ ነው። በዚያ ሰንጠረዥ 160 ቁጥርን የያዘ ባይት የማይሰበር ባዶ ቦታ ነው። ከግእዝ ፊደላት መካከል ሦስተኛው ባይታቸው 160 የሆነ አምስት ናቸው፤ ሠ፣ በ፣ አ፣ ዠ፣ ጠ፤ ሁሉም በመጀመሪያው ድምፅ። «በር» የሚል ስም ለኢንተርፌስ የሰጠ ሰው ስለዚህ ስሕተት ይመለስለታል፤ «ብር» ያለው ግን ያልፍለታል። «ሠራተኛ» በሠ ሲጻፍ ይወድቃል፣ በሰ ሲጻፍ ይቀበሉታል፤ ከርነሉ ሳያውቀው በሞክሼ ሆሄያት ክርክር ውስጥ ወገን ይዟል። ቦብ ሜትካፍ በ1973 በዜሮክስ ፓርክ ኢተርኔትን ሲሰይም ስሙን የወሰደው ከኢተር ነበር፤ በግሪክኛ የላይኛው ጠፈር ስም። አማርኛ ከግሪክኛ በግእዝ በኩል የወረሰው የዚያ የታችኛው ጎረቤት ስም «አየር» ነው። በአ የተጻፈው «አየር» በሊኑክስ የኢንተርፌስ ስም ሊሆን አይችልም፤ በዐ ሲጻፍ፣ «ዐየር» ተብሎ፣ ያለ ምንም ተቃውሞ ይመዘገባል።