ከወል፤ ያልተዘራ ቅጠል ታሪክ

የኦምዱርማንን ገበያ ያየ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ከቅመማ ቅመሙ መካከል ሽታው ለአፍንጫ የሚከብድ ጥቁር ድቡልቡል ነገር ሳያስተውል አይቀርም፡፡ ይህ ከወል ነው፡፡ የሚዘጋጀውም ማንም ሳይዘራው፣ ዝናብ ሲጥል በየሜዳው ከሚበቅል የዱር ቅጠል ነው፡፡

ከወል መሥራት የምዕራብ ሱዳን ሴቶች ሙያ ነው፡፡ ቅጠሉ ገና ለምለም ሳለ ይለቀማል፤ ተወቅጦም በሸክላ ዕቃ ይሞላና የማሽላ ቅጠል ለብሶ እስከ አንገቱ በጥላ ሥር ይቀበራል፡፡ በየሦስት ቀኑ እየተገለጠ ይታሻል፡፡ ሁለት ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ ተድቦልቡሎ በፀሐይ ይደርቃል፡፡ ወጥ ውስጥ ሲገባም የሥጋን ቦታ ይተካል፡፡

የከተማው ባለጸጋ ግን ከእጅ ቶሎ የማይለቀውን ይህን ሽታ ይጸየፈው ነበር፤ ከወል የድሃ ምግብ ተብሎ ተናቀ፡፡ የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሊቅ ሐሚድ ዲራር ግን እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት ከወል በፕሮቲን የበለጸገ የሥጋ ምትክ መሆኑን አሳዩ፡፡ በ1993 ደግሞ የሱዳንን የብሉኮ ምግቦች በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰብስበው አሳተሙ፡፡

የዲራር ጥናት የወጣበት ዓመት የመከራ ዓመት ነበር፡፡ የእኛን አገር የ1977ቱ ድርቅ ሲያጠቃ፣ የዳርፉርና የኮርዶፋን ሕዝብም ተርቦ ወደ ኦምዱርማን ዳርቻ ፈለሰ፡፡ በቀዬው የቀረው ሙኬት የተባለውን የዱር ቁጥቋጦ ፍሬ ለቀመ፡፡ ሙኬት መራራና መርዛማነት ያለው በመሆኑ ለቀናት ውኃው እየተለወጠ ካልተዘፈዘፈ አይበላም፡፡ ያን ረኃብ ያጠናው አሌክስ ደ ዋል በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ ብዙዎች ከብታቸውንና ዘራቸውን አሟጠው ላለመሸጥ ሲሉ ረኃቡን መታገሥ መረጡ፡፡ የዱር ፍሬ መልቀማቸው እንግዲህ ነገን የማዳን ስሌት ነበር እንጂ ተስፋ መቁረጥ ብቻ አልነበረም፡፡

ለእኛም ይህ ባዕድ ታሪክ አይደለም፡፡ በደጋው ጎተራ ሲራቆት ሳማ ይቀቀላል፤ በምዕራቡ ደን የማጃንግ ሕዝብ የሚበላውን እንጉዳይ ከማይበላው ይለያል፡፡ የከተማ ሰው ግን ከጫካ የተለቀመውን ሁሉ የችግር ምልክት አድርጎ ያያል፡፡

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ በሱዳን ቅጠል ቀቅለው የበሉ ሰዎች መኖራቸው ተዘግቧል፡፡ በእንዲህ ያለ ቀን የትኛው ቅጠል እንደሚበላ፣ የትኛው ፍሬ ስንት ቀን እንደሚዘፈዘፍ ማወቅ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው፡፡ ዕውቀቱም የሚገኘው በአብዛኛው ሽታውን ፈርተን በምንሸሸው ማድቤት፣ ከእናቶች ዘንድ ነው፡፡ በደኅናው ቀን ቀርቦ ያልጠየቃቸው በክፉ ቀን ማን እንደሚነግረው አያውቅም፡፡