የካርድ ክፍሉ ምስጢር

አሞራ ገደል ስሙ እንደሚያስፈራው አይደለም። ሐዋሳን የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ጀልባው ከሐይቁ ሲመለስ ዓሣው እዚያው ይገፈፋል፣ እዚያው ይጠበሳል፣ ሾርባው በትኩሱ ይቀዳል። አባ ኮዳ የሚባለው ባለ ከረጢቱ አሞራ ደግሞ ከገፋፊዎቹ እግር ሥር ተገትሮ አንጀቱን ይጠብቃል። ሰውስ ከአባ ኮዳ በምን ይለያል? እሱም ሾርባውን ፉት እያለ የሚጠብቀው አለው፤ ወሬ። «እገሌ ከሳ አይደል?» «እገሊትን እኮ እዚያ በር ላይ አዩዋት»።

«እዚያ በር» ምን ማለት እንደነበር የ1990ዎቹ ሰው አይጠፋውም። ኤች አይ ቪ በአገራችን መኖሩ ከደም ናሙና የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የታዩት በ1978 ዓ.ም. ነው። ፖሊሲው እስኪወጣ 1990 ዓ.ም. ደረሰ። በምክርና ምርመራ ጣቢያዎች ስም አይጠየቅም፤ ቁጥር ይሰጣል። ሰዉ ግን ቁጥሩንም አላመነውም። የሐዋሳው ለምርመራ ሻሸመኔ ይሄዳል፤ የሻሸመኔው ሐዋሳ ይመጣል። መንገድ ላይ ይተላለፉ ነበር ማለት ነው። በጥር 1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መታደል ሲጀምር ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል ታወቀ፤ በሩ ላይ ያለችው አግዳሚ ወንበርም ታወቀች። እሷ ላይ መቀመጥ ብቻውን አዋጅ ነበር። ሐኪሙ አፉን ሳይከፍት፣ ካርዱ ከመደርደሪያው ሳይወርድ፣ ምስጢሩ አሞራ ገደል ደርሶ ከሾርባ ጋር ይጠጣል።

ሕግ አልነበረም እንዳይባል፣ ነበረ። የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን አርቅቀውት በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የሙያ ምስጢር ማውጣትን ወንጀል አድርጎታል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 399 ያንኑ ይዞ ቀጠለ። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ አዋላጇ፣ ፋርማሲስቱ በሥራቸው ያወቁትን ምስጢር ቢያወጡ በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣሉ። መቀጮው ስንት ነው ካላችሁ፣ ሕጉ ለይቶ ባልወሰነበት ቦታ ጠቅላላው ደንብ ከ10 ብር እስከ 10 ሺህ ብር ይላል። ዛሬ በ10 ብር አሞራ ገደል ላይ የዓሣ ጭራ እንኳ አይገኝም።

ልብ በሉ፤ ይህ አንቀጽ የሚቀጣው ያወጣውን ነው። ካርድ ክፍል ገብቶ የጎረቤቱን ካርድ ስቦ፣ አንብቦ፣ መልሶ ሰክቶ የወጣውን ሰውስ? ለማንም ትንፍሽ ካላለ በዚህ አንቀጽ የሚነካው የለም። ለታማሚው ግን ጉዳቱ የጀመረው ዓይኑ ካርዱ ላይ ያረፈ ጊዜ ነው። በማግስቱ ሰላምታው ይቀየራል። አዘነልኝ ወይስ ናቀኝ ስትል ትከርማለህ።

ከምስጢሩ ሁሉ የገነነውን ካነሳን የጃንሆይን ሕመም አንዘልለውም። ደርግ ነሐሴ 22 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ባለፈው ቀን ማረፋቸውን ገልጾ፣ ምክንያቱን ከሁለት ወር በፊት ከተደረገላቸው የፕሮስቴት ኦፕራሲዮን ጋር አያያዘው። የአንድ ታማሚ ገመና ለአገር ሁሉ በሬዲዮ ተነገረ ማለት ነው፤ ያውም የሞታቸውን ነገር ለመሸፈን። ከሐኪሞቻቸው አንዱ የነበሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የተከተለ ችግር አልነበረም ብለው የመንግሥቱን ቃል አልተቀበሉም። በኋላ በደርግ ባለ ሥልጣናት ላይ በተመሠረተው ክስ ንጉሠ ነገሥቱ ታፍነው መገደላቸው ቀረበ፤ ተከሳሾቹም በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባሉ። እንግዲህ ፕሮፌሰሩ የታማሚያቸውን ምስጢር አወጡ ይባላል? እኔ አልልም። ምስጢሩን ያወጣው፣ ያጣመመውም፣ መግለጫውን የጻፈው ክፍል ነው። ሐኪሙ በታማሚያቸው ስም የተነገረውን ሐሰት ነው የመለሱት። ምስጢር መጠበቅ ለታማሚው እንጂ ለገዳዩ አልተፈጠረም።

ወደ ካርድ ክፍላችን እንመለስ። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታማሚን መረጃ በኮምፒዩተር መያዝ ተጀመረ፤ የድሬዳዋው ድል ጮራ ሆስፒታል ከቀዳሚዎቹ ነው። ከዚያ በ2008 ዓ.ም. የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ወጣና ነገሩን ገለበጠው። ያለ ፈቃድ፣ ወይም ከተፈቀደለት አልፎ፣ ወደ ኮምፒዩተር መረጃ የገባ ሰው ለማንም ባያወራም እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት፣ ወይም ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ፣ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። ኮምፒዩተሩ ለአንድ ድርጅት አገልግሎት ብቻ የሚውል ከሆነ እስራቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ ይሆናል። ማየት ራሱ ወንጀል ሆነ ማለት ነው። ግን እስቲ አስቡት፤ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ የአንዲት ሴት ያው አንድ ውጤት፣ ኮምፒዩተር ላይ ያነበበው ሲታሰር ወረቀት ላይ ያነበበው ካርዱን ሰክቶ ምሳ ሊበላ ይወጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል፤ ደግ አደረገ። ግን አዋጁን ካርድ ክፍሉ ውስጥ ያነበበው ማነው?

የሁሉ መቋጠሪያው ግን ሌላ ነው። የአንቀጽ 399 ጥፋት የሚያስቀጣው ተበዳዩ አቤት ሲል ነው። ዓቃቤ ሕግ በራሱ ተነሥቶ አይከስም። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ያልፈለገችውን ሴት መንግሥት ፍርድ ቤት አይጎትታት ተብሎ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 የግል ሕይወትን ለመጠበቅ ሲባል ችሎቱ ዝግ ሊሆን እንደሚችል ይፈቅዳል። ነገር ግን ከችሎቱ በፊት ፖሊስ ጣቢያ አለ። እዚያ ቆማ «ነርሷ ስለ እኔ ይህን አወራች» ስትል፣ «ይህን» የተባለውን መናገሯ አይቀርም። ቃል ተቀባዩ ይጽፋል። ሌላው ያኖራል። ወረቀቱም ፋይል ይሆናል፤ ፋይሉም እንደ ካርዱ ሁሉ የሚቀመጥበት ክፍል አለው፣ ክፍሉም ቁልፍ የሚይዝለት ሰው አለው።