ከሩዝ ማሳው በላይ

በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት፣ በስቱትጋርት ከተማ ዙሪያ የተንጣለለው ሜዳ ግራንድ ፕሬሪ ይባላል። ከአፈሩ ሥር ጠንካራ የሸክላ ንጣፍ ስላለ ውኃ ተኝቶበት ይከርማል። ለሩዝ የተፈጠረ መሬት ነው። ዊልያም ፉለር የተባለ ገበሬ የመጀመሪያ ሙከራው ፓምፑ ተበላሽቶ ቢከሽፍበት ሉዊዚያና ወርዶ ሙያውን ተማረ፤ ተመልሶም በ1904 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያማረ ምርት ሰበሰበ። ጎረቤቶቹ ተከተሉት። ከሰሜን ብርድ ሸሽተው የሚሲሲፒን ወንዝ ይዘው የሚወርዱት የዱር ዳክዬዎችና ዝይዎችም ከአጨዳ የተረፈ ሩዝ የሞላበት ኩሬ አገኙ።

አዳኙም እዚያው ነበር። ያሳደጋትን ሴት ዳክዬ እግሯን በገመድ አስሮ ውኃው ላይ ይለቃታል፤ ወንዱን ራቅ አድርጎ ያስረዋል። ስትጣራ የሰማ መንጋ ወገን አገኘሁ ብሎ ይወርዳል፤ የሚቀበለው ግን ተኩስ ነው። እህል የሚበትኑም ነበሩ። ይህ እንግዲህ አደን ከሚባል ማረድ ቢባል ይሻላል። በ1930ዎቹ ደግሞ ወፎቹ የሚራቡባቸው የሰሜን ረግረጎች በድርቅ ደረቁ።

ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1934 የዱር እንስሳቱን መሥሪያ ቤት ለጄይ ዳርሊንግ ሰጡት። ሰውዬው የጋዜጣ ካርቱኒስት ነው። ሹመቱ ራሱ ካርቱን ቢመስልም ሥራው ግን የምር ሆነ፦ በዚያው ዓመት አዳኞች የ1 ዶላር ቴምብር እንዲገዙ ተደረገ፤ ገንዘቡም ለወፎቹ ረግረግ መግዣ ዋለ። የመጀመሪያውን ቴምብር የሣለው ራሱ ዳርሊንግ ነው፤ 635,001 ተሸጠ። በ1935 በሕይወት ያለ ዳክዬ ለማባበያ ማሰርና እህል መበተን ተከለከለ። ጠመንጃውም ከ3 ጥይት በላይ እንዳይጎርስ ቁራጭ እንጨት ይሰካበት ጀመር። ገበሬው ባጨደው ማሳ ላይ ውኃ መልቀቁ ግን አልተነካበትም፤ መሬት ላይ የቀረው ፍሬ የአጨዳ ቃርሚያ እስከሆነ ድረስ።

የታሰረችው ዳክዬ ዝም ስትል መጣራቱ የሰው ሥራ ሆነ። በ1936 ስቱትጋርት የዳክዬ ድምፅ ውድድር መጀመሯን ከዚህ ለይቼ አላየውም። 17 ሰዎች ቀረቡ። አሸናፊው ፊሽካ እንኳ አልያዘም፤ በጉሮሮው ተጣርቶ 6 ዶላር ከ60 ሳንቲም የሚያወጣ የአዳኝ ካፖርት ወሰደ። ውድድሩ ዛሬም ይካሄዳል።

የነጩ ዝይ ነገር ግን ተገለበጠ። የሩዝና የበቆሎ ማሳ ክረምቱን እየቀለበው ቁጥሩ ከልክ አለፈ፤ በበጋ የሚራባበትን የሃድሰን ቤይ ዳርቻ ሣር ከነሥሩ እየነቀለ መሬቱን ራቁቱን አስቀረው። ስለዚህ ከ1999 ጀምሮ ለእሱ ብቻ በተከፈተ ልዩ ወቅት አዳኙ ያንን ቁራጭ እንጨት አውጥቶ፣ የዝይ ድምፅ በድምፅ ማጉያ እያሰማ፣ የቻለውን ያህል እንዲተኩስ ተፈቅዶለታል።