ድንበር የሚሻገረው ደጋፊ

በእኛ አገር ለቅሶ የደረሰና የቀረ ተለይቶ ይታወቃል። የተነገረው የማጽናኛ ቃል ይረሳ ይሆናል፤ ማን እንደመጣ ግን አይረሳም። ይህን ሐሳብ ያነሣሁት ስለ ራግቢ ለመጻፍ ነው። አንባቢዬ እንዳይገረም! ጉዳዬ የጨዋታው ሕግ አይደለም፤ ቡድኑን ተከትሎ ከአገር አገር የሚጓዘው ደጋፊ ነው። ይህ ሰው ትኬቱን ቆርጦ ባቡር ሲሳፈር ራሱን እንደ ፖለቲከኛ አይቆጥርም። ይሁንና ታሪክ ጉዞውን ፖለቲካ የምታደርግበት ጊዜ አለ። ለዚህ ከአየርላንድ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አየርላንድ በ1921 ለሁለት ስትከፈል ሰሜኑ ከብሪታንያ ጋር ቀረ፤ ደቡቡ የራሱን መንግሥት አቆመ። እግር ኳሱም እንደ አገሩ ሁለት ብሔራዊ ቡድን ሆነ። ራግቢ ግን አልተከፈለም፤ ዛሬም ሰሜንና ደቡብ የሚሰለፉት በአንድ ቡድን ነው። በ1954 አየርላንድ ቤልፋስት ላይ ስኮትላንድን ስትገጥም የደቡብ ተጫዋቾች ለብሪታንያ መዝሙር መቆምን ተቃወሙ። ጨዋታው በስምምነት ተካሄደ፤ ብሔራዊ ቡድኑ ግን ለግጥሚያ ወደ ቤልፋስት የተመለሰው በ2007 ነበር።

የዚህ ውሳኔ ሸክም የወደቀው በማን ላይ ነው? ከብሪታንያ ጋር መቆየትን በሚሻው የቤልፋስት ደጋፊ ላይ አይደለምን? ለእርሱ በገዛ ሜዳ መጫወት ማለት 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ድንበር ተሻግሮ፣ በሌላ መንግሥት ዋና ከተማ የሌላ መንግሥት መዝሙር ሲዘመር ቆሞ መስማት ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሰሜኑ በደም መፋሰስ ውስጥ ገባ። የባቡር ሐዲዱ በቦምብ እየተመታ በተደጋጋሚ ይቋረጥ ነበር። በ1987 ሦስት የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች ለልምምድ ከቤልፋስት ወደ ደብሊን ሲያመሩ፣ አይ አር ኤ አንድን ዳኛ ለመግደል ድንበሩ አጠገብ ያጠመደው ቦምብ ፈነዳ። ዳኛውና ባለቤታቸው ሞቱ፤ ከሦስቱ አንዱ የነበረው ናይጀል ካር በደረሰበት ጉዳት ከጨዋታ ዓለም ተሰናበተ። ደጋፊውም የሚመላለሰው በዚያው መንገድ ነበር።

የመምጣትና የመቅረት ነገር ከሁሉ ይበልጥ ጎልቶ የታየው በ1972 ነው። ጥር 30 ቀን የብሪታንያ ወታደሮች በዴሪ ከተማ በሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 13 ሰዎች በዕለቱ ሞቱ። ከሦስት ቀን በኋላ በደብሊን የብሪታንያ ኤምባሲ ተቃጠለ። አየርላንድ በዚያ ዓመት ፈረንሳይንና እንግሊዝን በየሜዳቸው አሸንፋ ነበር፤ ስኮትላንድና ዌልስ ግን ለደኅንነታችን እንሰጋለን ብለው ደብሊን ሳይመጡ ቀሩ። የአምስቱ አገሮች ውድድርም ሳይጠናቀቅ፣ ዋንጫውም ያለ ባለቤት ቀረ። ክፍተቱን ለመሙላት ፈረንሳይ ሚያዝያ ላይ መጥታ የወዳጅነት ጨዋታ አደረገች።

በቀጣዩ ዓመት ተራው የእንግሊዝ ሆነ። ለመቅረት ከማንም የበለጠ ምክንያት የነበራት እርሷ ነበረች፤ ሆኖም የካቲት 10 ቀን 1973 መጣች። ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳ ሲገቡ የደብሊን ሕዝብ ተነሥቶ ለደቂቃዎች አጨበጨበላቸው። እንግሊዝ 18 ለ 9 ተሸነፈች። ያን ምሽት በራት ግብዣው ላይ አምበሉ ጆን ፑሊን፣ ችሎታው ባይኖረንም ቢያንስ መጥተናል የሚል ይዘት ያለው ቀልድ ተናገረ። ውጤቱን የረሳው ሁሉ ይህን ቀልድ ያስታውሳል።

የካቲት 24 ቀን 2007 እንግሊዝ ወደ ክሮክ ፓርክ መጣች። በዚያው ሜዳ በ1920 የብሪታንያ ኃይሎች ተኩሰው 14 ሰዎች ሞተዋል። የብሪታንያ መዝሙር ሲዘመር አስተናጋጁ ሕዝብ በጨዋነት ጸጥ ብሎ አዳመጠ፤ ከዚያም ቡድኑ 43 ለ 13 አሸነፈ። ከጩኸቱ ይልቅ ጸጥታው የበለጠ ተናገረ ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ይህን ስል ራግቢ ሰላም አወረደ ማለቴ አይደለም። ሰላሙ የመጣው በብርቱ ድርድር፣ በ1998ቱ ስምምነት ነው። በሰሜኑ ራግቢ በአመዛኙ የፕሮቴስታንቶች ጨዋታ ሆኖ መቆየቱም ሊካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ስምምነቱ ከተፈረመ አሥር ወር ሳይሞላው፣ በጥር 1999፣ የሰሜኑ ክለብ አልስተር ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ደብሊን ሲገባ በሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎቹ ድንበሩን ተሻግረው መጡ፤ የደቡብ ሰዎችም አብረዋቸው ደገፉ። ለብዙዎቹ መንገዱ እንግዳ አልነበረም። ፖለቲከኞች መነጋገር ባልቻሉባቸው ዓመታት ተራው ሰው ሲመላለስበት ኖሯልና።

እንግዲህ ስለ እርቅ ስንነጋገር ማን ምን ፈረመ ብለን ብቻ አንጠይቅ። ፊርማው ከመምጣቱ በፊት፣ በክፉው ዘመን፣ ማን ወደ ማን ደጅ ሄደ? የሄደውንስ ማን ቆሞ ተቀበለው?

ቸር ይግጠመን።