ቢጫዋ ካርድና የእንሰቱ ጓሮ

ፓስፖርት ያወጣ ሰው ቢጫዋን ካርድ ያውቃታል። ከአገር ሊወጣ ሲል ክንዱን ይወጋና ማህተም ያስመታባታል፤ ከዚያ ፓስፖርቱ ውስጥ ሸጉጦ ይረሳታል። ምንድን ናት ብትሉት «አየር ማረፊያ ላይ የሚጠይቋት ወረቀት ናት» ይላችኋል። በሽታው የት ነው የሚኖረው፣ ማንን ገደለ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም። ካርዷ የውጭ አገር ጉዳይ ትመስላለች። በሽታው ግን የእኛው ነው፤ አድራሻውም የኦሞ ሸለቆና የወላይታ ጓሮ ነው።

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼን «በአገራችን ታሪክ የምታውቁት ወረርሽኝ አለ?» ብዬ እጠይቅ ነበር። ሁሉም በአንድ አፍ «የኅዳር በሽታ!» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ በከተማዋ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ያን ዘመን የምናስታውሰው በኅዳር 12 ነው፤ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፣ ኅዳር ይታጠናል።

«ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም. ኦሞ ላይ ስለሆነውስ?» ስላቸው ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። የደቡብ ልጆች ሳይቀሩ ዝም ይላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነዚያ ዓመታት በኦሞና በዴዴሳ ሸለቆዎች ቢጫ ወባ ገባ። ወረርሽኙ በነካው አካባቢ ይኖር ከነበረው ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ 30 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች የዚህን ያህል የከፋ አይገኝም። አዲስ አበባ ላይ ከሞተው ሦስት እጥፍ ሰው ማለት እኮ ነው። ለእነዚህ ሙታን ግን የሚታጠን ቀን የላቸውም። ዋና ከተማ የታመመው ታሪክ ይሆናል፤ ገጠር የታመመው የሐኪሞች ጥናት ሆኖ ይቀራል።

ጥናቱ ግን ብዙ ያስተምራል። ያኔ ወደ ቦታው የዘለቁት ተመራማሪዎች የበሽታውን መንገድ ሲከተሉ የደረሱት እንሰት ላይ ነው። ወላይታው «ኡታ» የሚለው፣ ቤቱን ከጀርባው አቅፎ የሚይዘው፣ የክፉ ቀን ቀለቡ እንሰት! ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ጉያ ዝናብ ይጠራቀማል። ከዚያች እፍኝ በማትሞላ ውኃ ውስጥ ከኤደስ ወገን የሆነ ትንኝ ይፈለፈላል። ጎደሬም ጉያው ውኃ ይይዛል። ቫይረሱ በጫካ ከጉሬዛና ከሌሎች የዝንጀሮ ዘመዶች ጋር ይኖራል፤ ትንኟ ከዚያ ተቀብላ ጓሮ ድረስ ታደርሰዋለች። «ጎማና ቆርቆሮ አስወግዱ፣ ውኃ አታቁሩ» የሚለው የከተማ ምክር እዚህ ቦታ አቅም የለውም። ገበሬውን እንሰትህን ንቀል አይሉት ነገር፣ ያንን ካደረገ በትንኝ ፈንታ ረሀብ ይገድለዋል። እንሰቱ ጥፋተኛ አይደለም። እንሰት ባለበት አገር ሰውን የሚያድነው ክትባት ነው።

የስሙንም ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ የቋንቋ መምህርነት አመል ነው። «ቢጫ ወባ» ስንል ወባ ይመስለናል። ወባ አይደለም። ወባ በጥገኛ ተውሳክ ይመጣል፣ ይህ በቫይረስ ነው፤ የወባ ኪኒን አይነካውም። አጎበርም ብቻውን አይበቃም፤ የወባ ትንኝ በሌሊት ስትነክስ ኤደስ በቀን ነው የምትነክሰው፤ ገበሬው ጓሮው፣ ልጁ ጨዋታው ላይ ሳለ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲያይ ደግሞ ሕዝባችን «የወፍ በሽታ ነው» ይልና ወደ ሥር ማሽ ይወስደዋል። አንዱ ስም ወደማይሠራ ኪኒን፣ ሌላው ስም ወደ ቅጠል ይመራል። ጊዜ ደግሞ የለም። በሽታው ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ማስመለስ ሆኖ ይጀምራል። አብዛኛው ሰው በቀናት ውስጥ ይድናል። ጥቂቱ ግን ተሻለኝ ባለ ማግስት ያገረሽበታል፤ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ይደማል። እዚህ ደረጃ ከደረሱት ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ።

ታዲያ መከላከያ አልነበረም? ነበር እንጂ። ማክስ ታይለር የተባለው ደቡብ አፍሪካ የተወለደ ሳይንቲስት እስከ ዛሬ የምንወጋውን ክትባት የሠራው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው፤ በ1951 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። በዚያው በ1951 የዓለም ጤና ድርጅት ለዓለም አቀፍ ጉዞ የጤና ደንብ አወጣ። ስድስት በሽታዎችን ቆጠረ፤ ቢጫ ወባ አንዱ ነበር። መርከቡና አውሮፕላኑ ሳይስተጓጎል፣ መንገደኛው በሽታ ይዞ እንዳይገባ የሚል ደንብ ነው። ቢጫዋ ካርድ የቆመችው በዚህ ላይ ነው። ልብ በሉ፤ ክትባቱ ከተሠራ 23 ዓመት በኋላ፣ ለመንገደኛ ደንብ ከወጣለት ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው ኦሞ ላይ ሰው እንደ ቅጠል መርገፍ የጀመረው። መንገደኛው ካርድ ነበረው። ገበሬው አልነበረውም።

አለፈ እንዳትሉ፣ አላለፈም። ከ50 ዓመት ዝምታ በኋላ በ2005 ዓ.ም. ቢጫ ወባ በደቡብ ኦሞ፣ በደቡብ አሪ በኩል ተመልሶ ታየ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ ወላይታ ዞን ኦፋ ወረዳ ላይ ብቅ አለ፤ ሰውም ገደለ። ከዓለም አቀፉ የመጠባበቂያ ክምችት ከ1 ሚሊዮን በላይ ክትባት ለዞኑ ተፈቅዶ ዘመቻ የተጀመረው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። እስከዚያን ጊዜ ድረስ ቢጫ ወባ በአገራችን የሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ አልነበረም። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ በጉራጌ ዞን፣ እንሰት በሞላበት አገር፣ እንደገና ተነሳ። «ሞኝን እባብ ሁለቴ ነከሰው» የሚለውን ተረት እኛ ሦስትና አራት አደረስነው።

ሶዶን የሚያውቅ ሰው ይህ ሥዕል አይጠፋውም። ወደ አርባ ምንጭና ወደ ጂንካ የሚወርደው ጎብኚ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያልፋል። ላንድክሩዘሩ ቆሞ ሙዝ ይገዛል። ጎብኚው ከአገሩ ሲነሳ «ወደ ቢጫ ወባ አገር ነው የምትሄደው» ተብሎ ተከትቧል፤ ካርዱ ኪሱ ውስጥ ነው። እስከዚያ ዘመቻ ድረስ ሙዙን የሚሸጥለት ልጅ ግን እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ አልተከተበም። ለአንድ ሳምንት የመጣው ተጠብቋል፤ ዕድሜ ልኩን የሚኖረው ተረስቷል።

ይህን ስል መንገደኛ አይጠንቀቅ ማለቴ አይደለም። ክትባቱ አንዴ ከተወጉት ዕድሜ ልክ ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2016 ወዲህ ካርዷም የአሥር ዓመት ገደብ የላትም። ሕጋዊ የምትሆነው ግን ከተወጉ ከአሥር ቀን በኋላ ስለሆነ ለበረራ ዋዜማ አይተዋትም። ለጨቅላ፣ ለእንቁላል አለርጂ ላለበት፣ የሰውነት መከላከያው ለተዳከመ፣ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። መርፌውን ሸሽቶ ማህተሙን ብቻ መግዛት የሚወድም አይጠፋም። ማህተም ትንኝን አይከለክልም! እ.ኤ.አ. በ2016 አንጎላ ላይ በሽታው ሲነሳ፣ እዚያ የነበሩ 11 ቻይናውያን ታመው አገራቸው ገቡ፤ ቢጫ ወባ ውቅያኖስ ተሻግሮ እስያ ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነበር። የአንዱ ጓሮ ትኩሳት የሌላው አየር ማረፊያ እስኪደርስ የሚፈጀው የአንድ ቀን በረራ ነው። ነግ በኔ ማለት ይሄ ነው።

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ማርበርግ የተባለው ቫይረስ ጂንካ ላይ መታየቱ ተረጋገጠ፤ በአገራችን የመጀመሪያው ነው። ኅዳር ሊታጠን ሳምንት ሲቀረው መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ያን ዜና እንደ ሩቅ ነገር ሳይሆን በድንጋጤ ሰማው፤ መልካም ነው። ማርበርግ ያኔ ፈቃድ ያገኘ ክትባት አልነበረውም። ለዚህ ሰበብ አለን። ቢጫ ወባ ግን ክትባት አለው፤ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል። ለእሱ ሰበብ የለንም።

ኅዳርን ማጠን አይቅር። ነገር ግን ቀጥሎ ፓስፖርታችሁን ስትገልጡና ያቺ ቢጫ ወረቀት ስትወድቅ፣ አንስታችሁ እዩአት። በእንሰት ጓሮ የቀሩት 30 ሺህ ሰዎች ያላቸው ሐውልት እሷ ብቻ ናት፤ እሷም የተሰጠችው ለእኛ ነው።