ቅዝቃዜን የሚለዩ የነርቭ ሴሎችና በራሳቸው የሚመቱት ምት

ቅዝቃዜን የሚለዩ የስሜት ነርቭ ሴሎች የአካባቢው ሙቀት ባይለወጥም በራሳቸው የኤሌክትሪክ ምት ይልካሉ። የነርቮቹ ጫፎች በቆዳና ኮርኒያ በሚባለው የዓይን ግልጽ ሽፋን ውስጥ ይገኛሉ። የቆዳ ሙቀት 33 ወይም 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ብዙዎቹ በሴኮንድ ጥቂት ጊዜ ይመታሉ። ያረፈ ነርቭ ዝም ያለ ነው የሚለው ግምት እዚህ ላይ አይሠራም።

1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ከሞቃቷ ጫግኒ ተነስቶ ከ2,500 ሜትር በላይ ወዳለችው እንጅባራ የሚወጣ ሰው ፊቱና እጁ ይቀዘቅዛል። ቆዳው በፍጥነት ከቀዘቀዘ ምቱ ድንገት ይፈጥናል፤ ቆየት ብሎም ረገብ ይልና አዲስ ልክ ይይዛል። የሚለወጠው ግን ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ቆዳው ሞቅ ሲል ምቱ እየዘለለ ይመጣል፤ ለዘብ ሲል አንድ በአንድ ይከታተላል፤ ሲቀዘቅዝ በቡድን በቡድን ይሆናል። ሁለት የተለያዩ ሙቀቶች እኩል አማካይ ፍጥነት ሊሰጡ ስለሚችሉ የምቱ አሰዳደር የራሱ መረጃ አለው።

የምቱ መነሻ በሴሉ ሽፋን ላይ ያለ የቮልቴጅ መዋዠቅ ነው። የሚገቡ ሶዲየምና ካልሲየም አዮኖች ቮልቴጁን ከፍ ያደርጉታል፤ በተለመደው ማብራሪያ መሠረት የገባው ካልሲየም ራሱ የፖታሲየም ቻናሎችን ከፍቶ መልሶ ያወርደዋል። ከመጠን በላይ ሲወርድ ኤችሲኤን1 የተባለው ቻናል ያነሳዋል። ቅዝቃዜውን የሚቀበለው በ2002 እ.ኤ.አ. የታወቀው ቲአርፒኤም8 የተባለ ቻናል ነው። በዘርፉ የሠሩት ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን የሙቀትና የንክኪ ተቀባዮችን በማግኘታቸው በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ቻናሉን ሜንቶልም ይከፍተዋል፤ ጉንፋን ሲይዝ የሚታጠነው ነጭ ባሕር ዛፍ ዘይት ውስጥ ያለው ሲኒዮልም እንዲሁ፤ በትኩስ እንፋሎት መካከል አፍንጫ ቀዝቀዝ የሚለው በዚህ ነው።

የኮርኒያ ነርቮች ምት ሌላም ሥራ አለው። ሰው ሳያለቅስ ዓይኑ ዘወትር የሚረጥብበት እንባ በከፊል በዚህ ምት ይታዘዛል፤ ቲአርፒኤም8 በሌላቸው አይጦች ላይ ይህ እንባ ቀንሶ ታይቷል።

ነርቭ ሲጎዳ ቅዝቃዜን የመለየቱ ሚዛን በሁለት መንገድ ይዛባል። በአንድ በኩል ነርቭን የሚጎዳው የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለውን የአካል ክፍል ስለሚመርጥ ሙቅና ቀዝቃዛን መለየት ቀድሞ ከሚጠፉት ስሜቶች አንዱ ነው፤ በ1965 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአዲስ አበባው የሕክምና ማዕከል አለርት ይህን በሽታ ሲያክም ቆይቷል። በሌላ በኩል ኬቪ1 የተባሉት የፖታሲየም ቻናሎች ለምቱ ልጓም ናቸው። ነርቭ ተጎድቶ እነዚህ ሲዳከሙ፣ ቀድሞ ለቅዝቃዜ ደንታ ያልነበራቸው አንዳንድ ሴሎች ለቅዝቃዜ ምላሽ መስጠት ይጀምራሉ፤ ነፋስ ሲነካው የሚያመው ሕመምተኛ ስቃይ በከፊል የሚብራራው በእነሱ ነው።